የታሰረ ጣት

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። ተረቱን ያወጣው ሰው ጥፍሮን አላገኘውም እንጂ ቢያገኘው ኖሮ አፉን ይዞ ይመለስ ነበር። ጥፍሮ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። ዕድሜው አርባን ካለፈ በኋላ የቀኝ እጁን ጥፍሮች ማሳደግና በሞረድ ማለስለስ ጀመረ። የግራ እጁን ግን እስከ ሥሩ ይቆርጣል። ምላጭ ይዞ ሰው አንገት ላይ የሚቆም ሰው አንድ እጁ የሙሽራ፣ አንድ እጁ የግንበኛ ሲሆን ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ የሚለው አያጣም። «ጥፍሮ፣ ዛሬ በምላጩ ነው የምትላጨኝ በጥፍርህ?» ይሉታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል፤ እየሳቀም ጥፍሩን ከመቀሱ ያርቃል።

ጥፍሩ የጊታር ነው፤ ያውም ፍላሜንኮ የሚባለው፣ በጥፍር የሚመታው የስፔን ጊታር። ከፍላሜንኮ ጋር ደግሞ በአባቱም በእናቱም አይዛመድም። ሙዚቃው ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ያሉት ሰዎች ሀብት ነው። አያቶቻቸው ለሸክላ ፋብሪካው ሥራ ከሩቅ አገር ሲመጡ ይዘውት መጡ፤ ከዚያ ወዲህ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከአጎት ወደ ወንድም ልጅ ሲተላለፍ ኖረ እንጂ ከሰፈሩ አልወጣም።

ነገሩ የጀመረው በመላጫው ጨርቅ ሥር ነው። አንድ ቀን ከዚያ ሰፈር አንድ ሽማግሌ ጢማቸውን ሊላጩ መጡ። አረፋ ተቀብተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠው ሳለ ጣቶቻቸው ከጨርቁ ሥር የወንበሩን ክንድ ይመታሉ። ጥፍሮ ምላጩን አንሥቶ ቆመ።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የሚመቱት?»

«ምንም።»

«ምንምስ አይደለም። አሥራ ሁለት ድረስ ቆጥሬዋለሁ፤ ከዚያ ዞሮ ይመለሳል።»

ሽማግሌው አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። «የሰው ቤት ሙዚቃ መቁጠር ነውር መሆኑን ማንም አልነገረህም?» አሉና መልሰው ጨፈኑት።

ጥፍሮ እንዲያስተምሩት ሦስት ሳምንት ለመናቸው። ምክንያቱ ያ ምት ከጆሮው አልወጣ ማለቱ ብቻ ነው። በመጨረሻ ጋሼ ተረቱ። ሰኞ ሱቁ ዝግ ስለሆነ ሰኞ ሰኞ ሊመጡለት፣ እሱም በለውጡ ሊላጫቸው ተስማሙ። አንድ ነገር ግን አስጠነቀቁት።

«እኛ ዘንድ አይጠየቅም። ይታያል። አባቴን አንድም ቀን ለምን ብዬው አላውቅም። አንተም የጠየቅህ ቀን ኮፍያዬን አነሣለሁ።»

ጥፍሮ ወሬ የማይወድ ፀጉር አስተካካይ ኖሮ አያውቅም፤ ይህኛውም ከሌሎቹ አይለይም ነበር። ሰኞ ሰኞ ግን ምላሱን አሰረ። ሁለቱ በሁለቱ የሱቁ ወንበሮች ላይ፣ ከትልቁ መስታወት ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። የመጀመሪያዎቹን ስምንት ወራት ጊታር አልነካም፤ ማጨብጨብ ብቻ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ከሱቁ ጀርባ ባለው ክፍል መኪናዋን እየረገጠች የእጁን ጭብጨባ ስትሰማ ትከርምና፣ «ሰው በዚህ ዕድሜው ልጅ ይድራል፤ የእኔው ደግሞ ብቻውን ሠርግ ቤት ገባ» ትል ነበር።

ጊታሩ ሲመጣ ያስቸገረው ርጭት የሚሉት አመታት ነው። እጅህ ላይ ያለውን ውሃ እንደምታራግፍ፣ ጣቶችህን ከጭብጥህ አንድ በአንድ ክሮቹ ላይ ትወረውራለህ። መጀመሪያ ትንሿ ጣት፣ ቀጥሎ የቀለበቷ፣ ቀጥሎ የመሐሏ፣ በመጨረሻ ጠቋሚዋ። ጥፍሮ በእነዚያ ወራት ፈልጎ ከሰማው የሙዚቃ ሸክላና ካሴት አራት ምት መሆኑን ያውቃል። የጋሼ እጅ ግን እንደዚያ አይመታም። ትንሿ ጣት ትወጣለች፤ ከዚያ እጃቸው ራሱን እስኪሰበስብ ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ያህል ዝም ይላል፤ ከዚያ የመሐሏና ጠቋሚዋ ይከተላሉ። የቀለበት ጣታቸው ከመዳፋቸው ሳትነሣ ተጣጥፋ ትቀራለች። በፈጣኑ ዜማ ብዙም አይታወቅም፤ በቀርፋፋው የሐዘን ዜማ ላይ ግን ያቺ ዝምታ ሰፍታ ትሰማለች።

ጥፍሮ በመስታወቱም በዓይኑም አየ። ሸክላ ላይ ያሉት ሁሉ አራት ሲመቱ እሳቸው ሦስት መቱ። ቢጠይቅ ኖሮ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። አልጠየቀም፤ መጠየቅ አይቻልማ። ስለዚህ በገዛ ራሱ ተረጎመው፤ ይህ ለሸክላ የማይሸጥ፣ ቤት ውስጥ ብቻ የሚኖር የጥንቱ አመታት ነው አለ። ምስጢሩን ሳይነግሩት ያሳዩት መሰለው።

የእሱ የቀለበት ጣት ግን ደህና ጣት ናት፤ ተቀመጪ ሲላት ትነሣለች። አንድ ሰኞ ከሚስቱ ሣጥን ጥቁር ክር ወስዶ ጣቲቱን ወደ መዳፉ አጥፎ አሰራት። ሚስቱ ይህን ስታይ መቀሷን አስቀምጣ፣ «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» አለችው።

ጋሼም ክሩን አዩት። ጊታራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙና ብዙ ጊዜ ያን ጣት ተመለከቱ። አፋቸውን ከፈት አደረጉ፤ መልሰው ዘጉት። ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው፣ «ዛሬ ይበቃናል» ብለው ኮፍያቸውን አነሡ። ጥፍሮ ተቆጡ ብሎ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣ። በሚቀጥለው ሰኞ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ መጡ፤ እንዲያውም ከወትሮው ሩብ ሰዓት ቀድመው። ጊታር በያዘ ቁጥር ክሩን እያሰረ ዓመት ከመንፈቅ ቆየ። ከዚያ በኋላ አላስፈለገም፤ ጣቲቱ ቦታዋን ለምዳ ተኛች።

በዚህ ዓይነት ስድስት ዓመት አለፈ። ጋሼ ጊታር የሚጫወቱት ለእህታቸው ነበር። እህትየው ዘፋኝ ናቸው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እትዬ ይላቸዋል። ከአሥራ ስድስት ዓመታቸው ጀምሮ ከወንድማቸው ጊታር ሌላ አያውቁም። በየወሩ መጀመሪያ እሑድ ከሸክላ ፋብሪካው መጋዘን ጀርባ ባለች አንዲት አዳራሽ ይዘፍናሉ። ጥፍሮ ወስደው እንዲያሰሙት ብዙ ተመኘ፤ ጋሼ ሁልጊዜ «ገና ነህ» ይሉታል። ገና እንደሆነ ሳንባቸው ታመመና ሆስፒታል ገቡ።

ጥፍሮ ሰኞ ጧት ጧት እየሄደ አልጋቸው ላይ ይላጫቸው ነበር። እትዬ የሚመጡት ከሰዓት በኋላ ስለሆነ አልተገናኙም። አንድ ሰኞ አገጫቸውን ጨርሶ ሲያብስ ጋሼ ክንዱን ያዙት።

«ከእኔ በኋላ እህቴ ጊታር ያስፈልጋታል። ሂድና ተጫወትላት። በአንተ ጊታር ከዘፈነች አስተምሬሃለሁ ማለት ነው። ካልዘፈነች የሁለታችንንም ሰኞ ሜዳ ላይ ጥዬዋለሁ።»

«እሺ ጋሼ።»

«እጅህን አምጣ።» ቀኝ እጁን ተቀብለው የቀለበት ጣቱን በሁለት ጣታቸው ጨመቅ አደረጉ። «ጥሩ ጣት ነበረች» አሉ። ጥፍሮ «ነበረች» ያሉት አልገባውም። አሁንም አልጠየቀም። በዚያው ሳምንት ዐረፉ፤ አስከሬናቸውን የላጨውም እሱ ነው።

ሐዘኑ እስኪበርድ ሁለት ወር ጠበቀና ጊታሩን ይዞ ሐዲዱን ተሻገረ። አዳራሿ ውስጥ ስድስት ሰባት ሰዎች ነበሩ። የእትዬ ልጅ ተቀበለው፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው የመኪና መካኒክ ነው፤ የሞተር ዘይት ጥፍሩን ስለሚበላበት በሙጫ እየለጠፈ የሚጫወት። እናቱ እንዳልመጡ ነገረው። «መዝፈን ትታለች። ከእኔ ጋር ሁለቴ ሞከረች፤ ትንፋሽ አጠራት። አርጅታለች መሰለኝ» አለ። ቀጥሎም፣ «እስቲ አጎቴ ያስተማረህን እንስማ» አለው።

ጥፍሮ ቀርፋፋውን ዜማ ተጫወተ። ጨርሶ ቀና ሲል ሰዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ።

«ጎበዝ ነህ» አለ መካኒኩ። «የቀለበት ጣትህን ግን ምን አገኛት? ታማለች እንዴ?»

«ደህና ናት። የጋሼ አመታት ነዋ።»

መካኒኩ ክፋት የለውም። ኮሌታህ ተገልብጧል እንደሚል ሰው ጠጋ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ የአጎቴ ጣት እኮ የሞተች ናት» አለው። «በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ መስታወት ፋብሪካ ሲሠራ ስባሪ ጅማቷን ቆርጦት ነው። ትታጠፋለች እንጂ ተወርውራ አትወጣም። ስላቃተው ነው የሚዘላት። ይህን የማያውቅ እዚህ ሰፈር የለም።»

«አንካሳ ተከትሎ በደህና እግሩ የሚያነክስ ዛሬ አየሁ» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁ። መሳቅ ያላሰቡትም ሳይቀሩ ሳቁ።

ጥፍሮ ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ። በጋሼ እጅ ጀርባ ላይ ያየው ያ ነጭ መስመር፣ የእርጅና ሽብሽብ ነው ብሎ ስንት ጊዜ በፎጣ ያበሰው፣ አሁን ታየው። ስድስት ዓመት እንደ ታቦት የተሸከመው ምስጢር የፋብሪካ አደጋ ነበር። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይሉ የለ፤ እሱ ወርቁን እንኳ አላገኘም፤ ስብራቱን ነው ለብሶ የዞረው። ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። ጋሼ ክሩን አይተዋል። አይተው ዝም ብለዋል። ሞኝነቴን እያዩ በልባቸው ይስቁብኝ ነበር ብሎ አሰበ፤ ይህን ሲያስብ የሞቱበትን ቀን ያህል አመመው።

ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ አንድ ሳያስቀር ነገራት። ዶሮዋን ታነሣብኛለች ብሎ ጠበቀ። አላነሣችም። ጊታሩን ተቀብላው ጥግ አስደገፈችና፣ «እራትህን ብላ» አለችው።

ከዚያ ጣቱን ሊያቀና ተነሣ። አራት ወር ፈጀበት። ስድስት ዓመት የተኛች ጣት በቀላሉ አትነቃም፤ ደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወሬ ሲያወራ እሱ የቀለበት ጣቱን ከጠረጴዛው ጠርዝ እያነሣ ይጥላል፤ ጧት ጧት ክንዱ እስከ ክርኑ ይደነዝዛል። በመጨረሻ ጣቲቱ ወጣች። አራቱም ምቶች ተከታትለው፣ ቀዳዳ ሳይኖራቸው፣ እንደ ሸክላዎቹ ሙሉ ሆነው መጡ። ጥፍሮ አንድ ጊዜ ሰማው፣ ሁለት ጊዜ ሰማው። ትክክል ነበር። ጋሼን ሁለተኛ የቀበራቸው መስሎት ሱቁ ውስጥ ብቻውን አለቀሰ።

ጥቂት ወራት ቆይቶ መካኒኩ ፀጉሩን ሊቆረጥ መጣ። «እሑድ አጎቴ ዓመት ይሞላዋል» አለ በመስታወቱ እያየው። «እናቴ፣ ‹የወንድሜ ተማሪ አንድ ጊዜ ይምጣና ልስማው፣ እኔም ለመጨረሻ ጊዜ ልሞክር› ብላለች። ካልሆነላት ከእንግዲህ አትጠይቁኝ ነው የምትለው።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ጥፍሮ ብቻውን መሄድ ስላቃተው ሚስቱ አብራው ሄደች። አዳራሿ ሞልታለች። እትዬ ከፊት በእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ቀጭን ሴት ናቸው፣ ካፖርታቸውን አላወለቁም። ጥፍሮ ሰላም ሲላቸው ራሳቸውን ነቀነቁና አጠገባቸው ያለውን ወንበር አሳዩት። የጋሼ ወንበር መሆኑን ሳይነግሩት አወቀ።

ቀርፋፋውን የሐዘን ዜማ ጀመረ። ርጭቱ ሙሉ፣ ንጹሕ ሆኖ ወጣ፤ መካኒኩ ከዳር ሆኖ በአድናቆት ራሱን ወዘወዘ። እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ገቡ። ድምፃቸው ሻካራና ሰፊ ነው። ጥፍሮ የዘፈኑን ቋንቋ ባያውቅም ለማን እንደሚያዝኑ ገባው። የመጀመሪያው ስንኝ አለቀ፤ ጊታሩ መለሰ፤ ሁለተኛውን ሲጀምሩ ድምፃቸው መሐል ላይ ተቆረጠ። ቆሙ። «እንደገና» አሉ። እንደገና ጀመሩ፤ እዚያው ቦታ ሲደርሱ ተቆረጠ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«አለቀልኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ወንድሜ ይዞብኝ ሄዷል።» ቦርሳቸውን ፈለጉ።

ሰዉ ወደ መሬት አቀረቀረ። ጋሼ ሆስፒታል ሳሉ የተናገሩት ቃል በጥፍሮ ጆሮ ውስጥ መጣ፤ ካልዘፈነች ሰኟችንን ሜዳ ላይ ጥዬዋለሁ። ጊታሩን ወደ ሣጥኑ ሊመልስ ጎንበስ ሲል እትዬ አዩት።

«ይህን እሱ ነው ያስተማረህ?»

መዋሸት ይችል ነበር። «አይደለም እትዬ» አለ። «እሳቸው ያስተማሩኝ ስሕተት ነበረበት። እኔ ነኝ ያቀናሁት።»

«ማን አቅና አለህ?»

ጥፍሮ መካኒኩን ሳያይ፣ «ማንም» አለ።

«እሱ ያስተማረህን ተጫወት። እኔ አልዘፍንም፤ ልስማው ብቻ።»

ጥፍሮ ሊጫወት እጁን አነሣ፤ የቀለበት ጣቱ ግን አራት ወር ሙሉ ተነሺ ስትባል የቆየች ናት፤ ከሌሎቹ ጋር ተወርውራ ወጣች። ሁለተኛ ሞከረ፤ ወጣች። ሰው ሁሉ ያየዋል። ሚስቱ ከመጨረሻው ረድፍ ተነሥታ መጣች። ልብስ ሰፊ ናትና ክር የተሰካበት መርፌ ከኮሌታዋ አይጠፋም። መርፌውን ነቀለች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ ጣቱን ወደ መዳፉ አጥፋ አሰረችለት። አንዲት ቃል ሳትናገር ተመልሳ ተቀመጠች።

እትዬ ያን ክር ትኩር ብለው አዩት። ፊታቸው ተለወጠ።

«የክሩ ሰው አንተ ነህ» አሉ።

«እትዬ?»

«ነግሮኛል። አንድ ቀን ሰኞ ቤቴ መጥቶ አለቀሰ። አንድ ሰው ደህና ጣቱን በእኔ ጣት ልክ አሰራት አለኝ። ልነግረው አፌን ከፈትኩ፣ አፈርኩ አለኝ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ መናገሩን አልፈለገም። አርባ ዓመት ሳፍርባት የኖርኩትን ጣት የወደደልኝ እሱ ነው፣ እንዴት ብዬ ልንገረው አለ።» እጃቸውን አነሥተው ወደ ጊታሩ ጠቆሙ። «በል።»

ጥፍሮ ጀመረ። ትንሿ ጣት ወጣች፤ ክሩ ጣቲቱን ያዛት፤ እጁ ራሱን እስኪሰበስብ ዝም አለ፤ ከዚያ የመሐሏና ጠቋሚዋ ተከተሉ። አንድ ዙር ሄደ። በሁለተኛው ዙር፣ ያቺ ዝምታ ላይ ሲደርስ፣ ከአጠገቡ አንድ ነገር ሰማ። እትዬ አየር ሳቡ። ወዲያው ዘፈኑ። ስንኙን ጨረሱ፤ ጊታሩ መለሰ፤ ዝምታዋ መጣች፤ ሳቡ፤ ሁለተኛውን ያለ ምንም መቆረጥ ይዘው ወጡ። ሦስተኛውን። አራተኛውን።

ከአሥራ ስድስት ዓመታቸው ጀምሮ የሚተነፍሱት እዚያች የሞተች ጣት ቦታ ላይ ነበር። ራሳቸውም አያውቁትም። ልጃቸው በሚያምረው ርጭቱ ቦታዋን ስለሞላባቸው ነው ትንፋሽ ያጡት እንጂ አላረጁም ነበር። መካኒኩ ይህ ሲገባው እጁን አፉ ላይ ጫነ። ጥፍሮ ደግሞ ጊታሩ ላይ እንዳቀረቀረ እንባው በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል፤ እጁ ተይዟልና አልጠረገውም። ስድስት ዓመት ባዶ ነው ብሎ የጠበቀው ቦታ ባለቤት ነበረው።

ሲጨርሱ እትዬ ውሃ ጠየቁ፣ ጠጡ፣ ካፖርታቸውን አውልቀው ወንበሩ ድጋፍ ላይ ሰቀሉ። ከዚያ ወደ ጥፍሮ ዞሩ።

«ሱቅህ ሰኞ ዝግ ነው አይደል?»

«አዎ እትዬ።»

«እንግዲያው ሰኞ እመጣለሁ» አሉ። «ክሩን እንዳትፈታው።»